የሸጌ ሆድ እና የእኔ ብረት ፈላጊ

ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት ሰው ልብ የሚገዛበት ዕድሜ ነው ይላሉ፤ እኔ የገዛሁት የመዳብ ሽቦ ነበር።

ወረታ ላይ፣ የደብረ ታቦር መንገድ ከሚገነጠልበት ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ሬዲዮ፣ ስልክ፣ የሶላር መብራት እጠግናለሁ። ሙያውን ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርሁትም። ልጅ ሳለሁ የአባቴን ሬዲዮ ፈትቼ መልሶ መግጠም ሲያቅተኝ ነው የጀመርሁት። ሰዎች «ማን አስተማረሽ?» ሲሉኝ «ፍርሃት» እላቸዋለሁ። አባቴ ከገበያ ሳይመለስ መግጠም ነበረብኛ!

ይህ የምነግራችሁ ጉድ የጀመረው በውኃ ቧንቧ ነው። ግቢዬ ውስጥ የብረቱ ቧንቧ ከመሬት በታች አንድ ቦታ ያፈስሳል። በየት በኩል እንደሚያልፍ የሚያውቅ የለም፤ ቧንቧውን የቀበሩት ሰውዬ ራሳቸው ከተቀበሩ ቆይተዋል። ቧንቧ ሠሪ ብጠራ በግማሽ ቀን ቆፋፍሮ ያገኘው ነበር። ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነውና፣ ስልኬ ላይ አንድ ቪዲዮ አየሁና «ብረት ፈላጊ ራሴ እሠራለሁ» ብዬ ተነሣሁ።

አሠራሩን ባጭሩ ልንገራችሁ። የማይገባው ሰው ይዝለለው፤ እኔም መጀመሪያ ዘልየው ነው ለዚህ የበቃሁት። ሽቦ በክብ ይጠቀለላል፤ እሱ ኮይል ይባላል። በኮይሉ ውስጥ ኤሌክትሪክ ትለቁና ድንገት ትቆርጡታላችሁ፤ በአንዲት ሰከንድ ብዙ መቶ ጊዜ መልቀቅ፣ መቁረጥ ነው። በተቆረጠ ቁጥር ኮይሉ ይደነግጣል። ድንጋጤው አጠገቡ ላለ ብረት ይተርፈውና ብረቱ ለቅጽበት ያጉረመርማል። መሣሪያው ያንን ማጉረምረም ከሰማ «ጢው» ይላል። የመልቀቁንና የመቁረጡን ሥራ የሚሠራው አንዲት አውራ ጣት የማታክል ትራንዚስተር ናት። የእኔን ከሞተ ኢንቨርተር ላይ ነው የነቀልኋት። ሟች ለምን እንደ ሞተ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅሁም።

ኮይሉን የጠቀለልሁት በወንፊት ክፈፍ ላይ ነው። ክብ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ቤት ውስጥ አለ፤ ሌላ ምን ይፈለጋል? መሣሪያውን ሳበራው ያለማቋረጥ ይጮኻል። ግድግዳ ላይ ባዞረው ይጮኻል፣ ሰማይ ላይ ባዞረው ይጮኻል። ሦስት ቀን ሙሉ ትራንዚስተር ቀየርሁ፣ ሬዚስተር ቀየርሁ፣ ባትሪ ቀየርሁ። በአራተኛው ቀን ዱቄት ልነፋ ብዬ ወንፊቱን ብፈልግ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። ወንፊቱ የሽቦ ወንፊት ነው! ምስኪን መሣሪያዬ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ «ብረት እዚሁ አለ» እያለ እውነቱን ሲነግረኝ፣ እኔ «ተበላሽቷል» እያልሁ አንጀቱን ስፈታ ሰነበትሁ። ኮይሉን ወደ ሰፌድ አዛወርሁት። ሰፌድ ሣር ነው፤ በሰው ነገር አይገባም።

ቀጥሎ የመጣው የመሞከሪያ ቦታ ጉዳይ ነው። ወረታ ለዚህ አትሆንም። የጎንደርም የደብረ ታቦርም የጭነት መኪና የሚቆምባት ከተማ ናት። ብሎኑ፣ የጠርሙስ ክዳኑ፣ የባጃጅ ስብርባሪው ከአፈሩ ይበዛል። ስለዚህ ሰፌዴን በነጠላ ጠቅልዬ ወደ አጎቴ ወደ አያ ደሴ ሄድሁ። አያ ደሴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ከወረታ በባጃጅ ግማሽ ሰዓት ርቀው ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ ያርሳሉ። ኅዳር ሊያልቅ ነበር፤ ሩዙ ታጭዶና ተወቅቶ የገለባው ክምር ከቤታቸው ጣራ በልጧል።

ሐሳቤ ምስማር ቀብሬ መሣሪያው ያገኘው እንደሆነ መፈተን ነበር። ግን አገሬን አውቀዋለሁ። አንዲት ሴት ከከተማ መጥታ፣ በሰፌድ መሬት አሽትታ፣ ከዚያ ስትቆፍር ከታየች ነገሩ አለቀለት። ፀሐይ ሳትጠልቅ «የንጉሥ ወርቅ ወጣ» ይባልና በማግስቱ የአያ ደሴ ማሳ በመንደሩ ዶማ ሁሉ ይገለበጣል። እኔ ብልኋ ታዲያ መሬቱን ሳልነካ፣ ሰባት የቆርቆሮ ምስማር ከገለባው ክምር ሥር ሥሩን ሸጎጥሁ። አምስቱን አገኘሁ። ሁለቱን መሣሪያውም አልሰማቸው፣ እጄም አልደረሰባቸው። በዚህ መካከል የአያ ደሴ ባለቤት እትዬ ጠጄ «ነይ፣ ሽሮው ሳይቀዘቅዝ!» ብለው ተጣሩ። ከሰባት አምስት ለተማሪም ማለፊያ ነው ብዬ ሰፌዴን አንሥቼ ገባሁ።

እዚህ ላይ ቀድማችሁኝ የሄዳችሁ ይመስለኛል። እባካችሁ ቆዩኝ፤ እኔ እናንተ ያላችሁበት ለመድረስ አንድ ወር ፈጅቶብኛል።

የገና ሳምንት ማክሰኞ አያ ደሴ ደወሉ። ስልክ ሲያወሩ ሁልጊዜ ወንዝ ማዶ ያለ ሰው የሚጣሩ ነው የሚመስሉት፤ ያን ቀን ግን ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።

«ልጄ፣ ሸጌ ታማብኛለች።»

ሸጌ ላማቸው ናት፤ ጥቁርና ነጭ የፎገራ ላም፣ ዓይኗ የተኳለ የሚመስል። አያ ደሴ ከሸጌ ጋር የሚጫወቱትን ያህል ከሰው ጋር ሲጫወቱ አላየኋቸውም። እትዬ ጠጄ «እኔን በአማላጅ ነው ያገባኝ፣ እሷን ግን ራሱ መርጦ ነው» ይላሉ።

«ምን ሁና ነው አያ?»

«መብላት ትታለች። ጀርባዋን ታጎብጣለች። ስትተኛ ታቃስታለች፣ ስትነሣም ታቃስታለች። የከብት ሐኪሙ መጥቶ አይቷት ምልክቱ ብረት የዋጠች ላም ነው አለ። ማግኔት አለው፤ ሆዷ ውስጥ ይገባና ብረቱን ይዞ ያስቀረዋል። ግን የቀረው አንድ ብቻ ነው፤ ሌላ ቀበሌም የምትጠብቀው ላም አለች። ‹እስከ ዓርብ አቆይላችኋለሁ፤ ብረት መሆኑን እርግጠኛ ከሆናችሁ እሰጣችኋለሁ› አለኝ። እና ያ የሰፌድ ነገርሽ...»

የቀረውን አልሰማሁትም። ጆሮዬ ውስጥ «ከሰባት አምስት፣ ከሰባት አምስት» የሚል ነገር እየጮኸ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ስደርስ በረቱ ፊት ሰው ተሰብስቧል። እትዬ ጠጄ ቡዳ በልቷት ነው ባይ ናቸው። አንዲት ጎረቤት ደግሞ ወንዛዬ ፍል ውኃ ትወሰድ አለች። «ወገቤን ያዳነ ውኃ ለላም ምን ይሳነዋል?» ስትል ተራ ጠብቃ ከባልቴቶች ጋር የምትታጠብ ላም በዓይነ ኅሊናዬ መጣችብኝ።

ከሁሉም የሚያስፈራው ግን አያ ቢተው ነበሩ። አያ ቢተው የመንደሩ ቅርጫ አለቃና የትልቁ ቢላዋ ባለቤት ናቸው። ቅዳሜ ገና ነው፤ ጾሙ ሊፈታ ነው፤ የቅርጫው በሬ ገና አልተገኘም።

«ደሴ ወንድሜ» ይላሉ ሸጌን ከሻኛ እስከ ጭራ እየመዘኑ፣ «ቆማ ከምትሞት ታርዳ ትበላ። የሞተ ለጅብ ነው፣ የታረደ ለወዳጅ።»

«አልሞተችም» አሉ አያ ደሴ።

«አልሞተችም፣ እሱማ ልክ ነህ። ግን ሥጋዋ እየቀለለ ነው። ዛሬ ለዐሥር መደብ ትበቃለች፤ እስከ ሳምንት ለስድስትም አትበቃ።»

«ሽንጡን ለእኔ አስቡልኝ» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። ሸጌ ቆማ እየሰማች መደብ ተመደበላት። አያ ደሴ እጃቸውን አንገቷ ላይ አድርገው ወደ እኔ ብቻ አዩ። ብረት ከተገኘ ማግኔቱ ይመጣል፤ ካልተገኘ ቢላዋው ይመጣል። ፍርዱ ከእኔና ከሰፌዴ ላይ ወደቀ።

መሣሪያውን አብርቼ ወደ ሸጌ ሆድ አስጠጋሁት። «ጢው!» አለ። ወደ እግሯ ወሰድሁት፤ «ጢው!» ወደ ጭራዋ፤ «ጢው!» ወደ አንገቷ፤ «ጢው ጢው!»

አያ ቢተው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ኧረ ይች ላም ሁለመናዋ ብረት ሁኗል! እኔ ቢላዋዬን አላስሰብርም!»

ሰዉ ሲስቅ እትዬ ጠጄን አየኋቸው። አይስቁም፤ መሬት መሬት ያያሉ።

«እትዬ?»

«ምን እትዬ ትይኛለሽ?»

«የሚያውቁት ነገር አለ እንዴ?»

«እ... ለቡዳው ብዬ ነው» አሉ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «ቡዳ ብረት ይፈራል አይደል? ከምትተኛበት ሥር አሮጌ ማረሻ ቀብሬያለሁ።»

«ማረሻ ብቻ?»

«በሩ ላይ ደግሞ የተሰበረ ማጭድ አለ።»

«ሌላስ?»

«ገመዷ ላይ መርፌ ሰክቻለሁ። ሁለት ናት፤ ትንንሽ ናት!»

አያ ደሴ ሚስታቸውን ለረጅም ጊዜ አዩአቸው። «ያን ማረሻ እኮ እኔ ሐምሌን ሙሉ ስፈልገው ነበር» አሉ።

ሸጌን ገመዷን ፈትተን፣ ብረት ወደሌለበት ወደ ባዶው የሩዝ ማሳ አወጣናት። ማጭድ የያዘውን ሁሉ አባረርሁ፣ የራሴንም የአንገት ሐብል አወለቅሁ። እንደገና በግራ፣ በቀኝ፣ በሆዷ ሥር አዞርሁት። ዝም። ጭጭ። አንዲት «ጢ» እንኳ የለም።

«እንግዲህ የለም ማለት ነው» አሉ አያ ቢተው፣ ክፋት ሳይሆን ርኅራኄ ባለው ድምፅ፤ ያ ደግሞ ይብሳል። «ቅዳሜ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ እንመጣለን።»

እኔ ግን መሣሪያዬን አውቀዋለሁ። ማረሻን የሚያህል ነገር ይሰማል፤ ምስማር ላይ ሲደርስ ደንቆሮ ነው። ከክምሩ ሥር ሁለቱን ያስቀረብኝም ይኸው ድንቁርናው ነው። «መሣሪያዬ አይረባም፣ ውሸቱን ነው» ብዬ መናገር ነበረብኝ። ግን ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ያን ሁሉ ተኩራርቼ ከመጣሁ በኋላ «ሰፌዴ ደንቆሮ ነው» ልበል? በመጨረሻ ያልሁት «እስከ ዓርብ ጊዜ ስጡኝ» ብቻ ነው።

አያ ደሴ እስከ መንገዱ ሸኙኝ። ጅራፋቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገዋል። «ይህ ነገር ግን እንዴት ነው የሚሠራው?» አሉኝ። ስለ ትራንዚስተር ምን ብዬ ልንገራቸው? ጅራፉን አየሁ።

«እንደ ጅራፍ ነው አያ። ይወነጨፋል፣ ከዚያ ድንገት ይመለሳል፣ ይጮኻል። ጩኸቱ እንዳለቀ ጸጥ ብለው ያዳምጣሉ፤ ብረት ካለ የገደል ማሚቶ ይመልሳል።»

አያ ደሴ ጅራፉን ከትከሻቸው አወረዱ። አንድ ጊዜ አጮኹት፤ ሜዳው ተሰነጠቀ። ቀጥለው ቀስ አድርገው መለሱት፤ ገመዱ ሣሩ ላይ ሹልክ ብሎ ወደቀ።

«እንዲህ ቀስ ብሎ ከተመለሰማ አይጮኽም» አሉ። «አንች ስትመልሽው ትዘገዪ ይሆናል።»

ባጃጁ ውስጥ ገብቼ ወረታ እስክደርስ ከዚያ ቃል አልወጣሁም። እኔ አንድ ወር ሙሉ ኮይሉን ሳሰፋ፣ ሽቦውን ሳበዛ፣ ድምፅ ማጉያውን ሳሳድግ ነበር። ሁሉም የጆሮ ነገር ነው። ችግሩ ግን ከጆሮው አልነበረም። ትራንዚስተሬ ኤሌክትሪኩን በችኮላ ትለቃለች፤ ለመቁረጥ ግን እንደ ሰነፍ በር ጠባቂ እያዛጋች ነው። ኮይሉ የራሱን ጩኸት ሳይጨርስ ማዳመጥ እጀምራለሁ። የምስማሯ ማጉረምረም ደግሞ በዚያ ሁካታ ውስጥ ያልቃል።

ሐሙስ ሱቄን ዘጋሁ። በሩ ላይ «ዛሬ ሥራ የለም» ብዬ ጻፍሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሠርቼ አላውቅም። መቁረጫዋን የምትረዳ ጥንድ ትንንሽ ትራንዚስተር ከአሮጌ ቴሌቪዥን አወጣሁ፤ አንዷ ገፍታ ትከፍታለች፣ ሌላዋ ነጥቃ ትዘጋለች። መጀመሪያ አገለባብጬ ገጠምኋቸውና ፍንድት ብለው አንዷ እስከ ኮርኒሱ ዘለለች። ሁለተኛውን ጥንድ በትክክል ገጠምሁ፤ አሁን መቁረጡ ፈጥኖ፣ ፈጥኖ፣ የኮይሉ ጫፍ እጄን ነክቶኝ እስከ ክርኔ አንዘፈዘፈኝ። ድንጋጤው ይህን ያህል መሆኑን ያኔ ነው ያመንሁት። ጎረቤቴ ባለ ሱቅ ሐጂ «ልጄ ምን ሁነሽ ነው?» ብለው በመስኮት ብቅ ሲሉ «ጥሩ ነው ሐጂ! ሠራ!» አልኋቸው። አንገታቸውን ነቅንቀው ሄዱ።

የቀረው ልጓም ነበር። በኮይሉ ላይ የሚታሰር ሬዚስተር አለ፤ ከላላ ኮይሉ ከተቆረጠ በኋላም ይጋልባል፣ ከጠበቀ ይንቀራፈፋል። አሥራ አንድ ሬዚስተር ቀያየርሁ። ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ አንዲት የቆርቆሮ ምስማር ከሰፌዱ ክንድ ባነሰ ርቀት ላይ ሳልፍባት «ጢው» አለ። ቁጭ ብዬ ቡና ያልጠጣሁበት፣ ምሳ ያልበላሁበት ቀን መሆኑን ያኔ አስታወስሁ።

ዓርብ ረፋድ ላይ ሸጌን እንደገና ማሳው ላይ አቆምናት። ሐኪሙም መጥቷል፤ ሞተር ሳይክሉን ራቅ አድርጎ እንዲያቆም ለመንሁት። አያ ቢተውም መጥተዋል፤ ቢላዋውን አላመጡም፣ የብረት መሳያውን ግን ኪሳቸው ውስጥ አየሁት፤ እሱንም አስወጣሁ።

በቀኝ ጎኗ ጀመርሁ። ዝም። ከሆዷ ሥር። ዝም። አያ ደሴ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። በግራ ጎኗ፣ ከፊት እግሯ ክርን ጀርባ ዝቅ አድርጌ ስደርስ፦

«ጢው።»

መልሼ ወሰድሁት። ዝም። እዚያው ስመልሰው «ጢው።»

«እዚያው ነው!» አለ ሐኪሙ። «ብረት የዋጠች ላም ብረቱ የሚቀመጥባት እዚያው ነው!»

ማግኔቱ በአፏ በኩል በቱቦ ገባ። ሸጌ አንድ ጊዜ አንገቷን ነቀነቀች፣ ሐኪሙን ረገጠች፣ አለቀ። ሐኪሙ ጉልበቱን እያሸ «ከዚህ በኋላ ማግኔቱ እዚያው ይኖራል፤ ብረቱን እንደ ያዘ» አለ። እትዬ ጠጄ እልል አሉ። ለቅርጫው የታሰበው የሸጌ ቦታ ባዶ ሆነ፤ አያ ቢተው ግን ደግ ሰው ናቸው፤ «እንኳን ማርያም ማረችልህ» ብለው የአያ ደሴን ትከሻ ሳሙ። ከዚያ ፊታቸው ኮስተር አለ።

«ግን ደሴ፣ ይህ ነገር እንዲሁ አይታለፍም። ሸጌ የምትበላው ገለባ ውስጥ ብረት የጣለ ሰው ነገ በእኔም ገለባ ይጥላል። ቸልተኛም ይሁን ምቀኛ ይታወቅ። ከበዓሉ በኋላ በሽማግሌ ፊት ይጣራ።»

ሰዉ ሁሉ «ይጣራ፣ ይጣራ» አለ። እኔም «ይጣራ» አልሁ። አዎ፣ እኔው። ከሁሉም ጮክ ብዬ ሳይሆን አይቀርም።

ሰው ሲበተን አያ ደሴን በረት ውስጥ አገኘኋቸው። ሸጌ አንዲት ዘለላ ሣር አፏ ውስጥ ይዛ ልብላ አልብላ እያለች ታስባለች።

«አያ፣ ምስማሩ የእኔ ነው።»

አንገቷን ማሻሸታቸውን አላቆሙም።

«መሣሪያውን ልሞክር ብዬ ከክምሩ ሥር ሸጎጥሁት። ኅዳር ላይ።»

«ስንት?»

«ሰባት።»

«ስንት አወጣሽ?»

«አምስት።»

«ትንሽ ሳለሽም ሒሳብ ላይ እንዲሁ ነበርሽ» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «አንዱ እሷ ውስጥ ነው። ሌላው የት አለ?»

«እዚያው ክምሩ ውስጥ ነው መሰለኝ።»

«እና ምን ትገተሪያለሽ?»

ሰፌዴን አንሥቼ ሮጥሁ። ዕጣቢ ውኃ ለመድፋት በሚፈጅ ጊዜ አገኘሁት፤ ዝጎ፣ ቆቡ ተጣሞ፣ ገለባ ተጠምጥሞበት። አያ ደሴ እጃቸውን ዘረጉና ተቀበሉኝ፤ አዩት፤ ኪሳቸው ከተቱት። እኔም በእንባና በሳቅ መካከል ሁኜ ወደ ወረታ ተመለስሁ። ገናን ያሳለፍሁት ሽማግሌዎቹ ፊት ቀርቤ ምን እንደምል እየተለማመድሁ ነው። «ለሳይንስ ብዬ ነው» የሚለውን ሞከርሁት፤ ለራሴም አላስኬደኝ።

የቀረውን እትዬ ጠጄ ናቸው በስልክ የነገሩኝ። ሸጌ እሑድ ማታ መብላት ጀመረች። ሰኞ ጠዋት አያ ደሴ ከጎረቤት መሰላል ተውሰው ቆርቆሮ ጣራቸው ላይ ወጡ። አያ ቢተው ሲያልፉ «ደሴ፣ በዚህ ዕድሜህ ጣራ ላይ ምን ትሠራለህ?» ቢሏቸው «የላላ ምስማር ላጠብቅ ነው። ያ ሸጌ የዋጠችውም ከዚሁ የወደቀ ነው፤ ጥፋቱ የራሴ ነው» አሏቸው። ሽምግልናው ቀረ። ሰው እንዲያምናቸው እስከ ቀትር ድረስ ምንም ያልላላ ጣራ በመዶሻ ሲመቱ ዋሉ። ክረምት ሲገባ ቤቱ በሁለት በኩል አፈሰሰ። አያ ደሴ በአንዱ ሥር ባልዲ፣ በሌላው ሥር ድስት አስቀመጡ።